የማይጠራው ስልክ

ጥቅምት 4

ዛሬም ዶክተሯ አርፍዳ መጣች። ጉንጫቸው ያበጠ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው እኔ ላይ ሲያፈጡ... ጥርሳቸውን ያሳመምኩት እኔ ይመስል። ካርድ እያወጣሁ በመሃል በመሃሉ ያቺን የዝናብ ታሪክ ስልኬ ላይ ጨረስኳት። ልጅቷ ልጁን አገኘችው። ተቃቀፉ። ዘነበ። ምሳ ሰዓት ላይ የጸሐፊዎቹ ግሩፕ ውስጥ ለጠፍኳት።

ልብ በልብ አደረጉኝ። "እጅሽ ይባረክ!" "አስለቀስሽኝ እኮ!" ለሁሉም የአበባ ምልክት የሚልከው፣ አበባ ላኪው የምለው ሰውዬ ደግሞ ገና ከመለጠፌ አበባውን ደረደረው። ይሄ ሰውዬ ማንበብ ይችላል ግን? ቢሆንም ደስ አለኝ። "ጎበዝ" የሚለኝ ሌላ ማን አለ?

ቤት ስገባ ለእትዬ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። የሰው ፀጉር ስትተኩስ ውላ እግሯ አብጧል። "ይሄን ስልክ ስትጎረጉሪ ዓይንሽ ይጠፋል" አለችኝ። ታላቅ እህቴ ሆና ምን እንደምጽፍ ግን አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ጥቅምት 9

ግሩፑ ውስጥ አዲስ ሰው ገብቷል። ራሱን "ወንፊት" ብሎ ሰይሟል። ታሪኬን አነበበና ይህችን ብቻ ጻፈ፦ "ዝናቡን አውጪው። የሚተርፍ ነገር ካለ ንገሪኝ።"

ባለጌ!

አውጥቼ አየሁት። ምንም አልተረፈም።

ጥቅምት 21

ወንፊት ግማሹን ሰው አስኮርፎ አስወጣ። አበባ ላኪው ለወጪዎቹም አበባ ላከ። የቀረነው ደንብ አወጣን። የሁለት ሰው ጽሑፍ ሳይነፋ የራሱን የሚለጥፍ የለም፤ መንፋት ማለት እንግዲህ ጉድፉን ለቅሞ ለባለቤቱ ማሳየት ነው። ደግሞ የምናውቀውን ሰው ስንጽፍ ስም መቀየር፣ ሥራ መቀየር፣ ነገሩን ግን አለመንካት። ጥሩ የወጣውን ከመሃላችን አንዷ፣ ባለድምጿ የምንላት፣ በድምፅ ቀድታ ታነበዋለች። ባንክ ነው የምትሠራው፣ ድምፅዋ ግን ድንጋይ ያስለቅሳል። እሷ ያነበበችውን ሰው ለሰው ይቀባበለዋል።

የመጀመሪያዬን ነፋሁ። አንዲት ነርስ የጻፈችውን ታሪክ። "እናትየዋ ስታለቅስ አላመንኳትም" አልኳት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስፈራ... ተቀየመችኝ? ከሥራ ስወጣ መለሰችልኝ፦ "እኔም አላመንኳትም ነበር፤ የሚነግረኝ ነው ያጣሁት።" ስለ ተረኛ ሌሊቷ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ እኔ ክሊኒክ ስናወራ ራቱ ቀዘቀዘ። ከሰው ጋር እንዲህ ካወራሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ኅዳር 6

ወንፊት፦ "እየተሻለሽ ነው። ግን ሁሌ የማታውቂያቸውን ሰዎች ነው የምትጽፊው። ቤትሽ ውስጥ ማን አለ?"

ማን አለ... እትዬ አለች።

ኅዳር 8

ለማንም ያልነገርኩት። እዚህ ልጻፈው።

የእትዬ ልጅ ሩቅ አገር ከሄደ ቆየ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ከዚያ በየወሩ። ከዚያ... ጠፋ። ደንበኞቿ "ልጅሽ ይደውላል?" ሲሏት "እንዴ! ያለኔ ማን አለው?" ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ላግዛት ሳሎኗ ሄጄ ነው ያየሁት። ማበጠሪያውን የሴትዮዋ ፀጉር ውስጥ ሰክታ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ፦ "አቤት የኔ ጌታ... በላህ? ብርዱስ? ... እኔ ምን እሆናለሁ፣ አንተ ብቻ ጠንክር።" ዝም ትላለች፣ ታዳምጣለች፣ ትስቃለች። እኔም እውነት መስሎኝ "ሰላም በይልኝ" ልላት ስል ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ጠራ።

የሻምፖ ነጋዴው ነበር። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ እየጮኸ ስለሆነ ሴቶቹ አልሰሙም። እኔ ሰማሁ። መስማቴንም አየች። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና ማበጠሯን ቀጠለች። እስከ ዛሬ አንስተነው አናውቅም።

እናታችን ስትሞት ትምህርቷን ትታ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ኅዳር 15

ጻፍኩት። ልብስ ሰፊ አደረግኳት። ልጁ ሴት ሆነ፣ ማበጠሪያው መርፌ ሆነ። "በላሽ? ብርዱስ?" የሚለውን ግን... ቀየርኩት፣ ሞተብኝ። መለስኩት፣ ነፍስ ዘራ። ደንቡስ ነገሩን አትንኩ ይል የለ?

ኅዳር 20

ወንፊት፦ "የሚነፋ የለውም።"

ከእሱ አፍ! አበባ ላኪው ለመጀመሪያ ጊዜ አበባ አልላከም። "አሁን እናቴ ጋ ደወልኩ" ብሎ ብቻ ጻፈ። ክሊኒኩ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከደስታ ነው። ባለድምጿ ልታነበው ነው።

ኅዳር 27

ታሪኬ ከእኔ በፊት ሥራ ቦታ ገብቶ ጠበቀኝ። ዶክተሯ መሣሪያዋን እየቀቀለች ታዳምጠዋለች። "ማነው የጻፈው ግን?" አለችኝ። እኔ ነኝ ልላት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት።

ታኅሣሥ 2

መጻፍ አልፈለግኩም። ቢሆንም ልጻፍ።

ቅዳሜ አይደል፣ ሳሎን ሄጄ ፀጉር እየጠረግኩ ነበር። ደንበኛዋ ባለሱቋ ካስክ ስር ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። ካስኩ ስለሚጮህ ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀችው። "ስሙ ስሙ፣ አንጀት የሚበላ ታሪክ!" ባለድምጿ ጀመረች። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ደረቅኩ። ዝጊው ልበላት? ምን ብዬ?

"በላሽ? ብርዱስ? ... እኔ ምን እሆናለሁ፣ አንቺ ብቻ ጠንክሪ።"

"ውይ! ልክ እንዳንቺ እኮ ነው!" ብላ ሳቀች ባለሱቋ። ከዚያ ባለድምጿ ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ጠራ የሚለው ጋ ስትደርስ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። አንዷ መደርደሪያው ላይ ያለውን ስልክ አየች። ሌላዋም አየች። እትዬ የያዘችውን ፀጉር እስከ ጫፉ ተኩሳ ጨረሰች፣ መስታወት አሳየች፣ "ያምርብሽ" አለች።

ቤት ስንገባ፦

"እትዬ..."

"ሌላ ማን ያውቃል? አንቺው ነሽ።"

"ስምሽን ቀይሬ ነበር። ሥራሽንም..."

"ልብስ ሰፊ አደረግሽኝ።"

"አዎ።"

"ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አልችልም እኮ እኔ" ብላ በሯን ዘጋችው።

ታኅሣሥ 3

ባለድምጿን ለምኜ ንባቡን ከግሩፑ አስጠፋሁት። የፈሰሰ ውኃ...

ታኅሣሥ 10

አታኮርፍም። ኩርፊያ ይሻለኝ ነበር። ሻይ ስቀዳላት "ቀዝቅዞ ነበር ብለሽ ጻፊ።" ስታስነጥስ "ይቺንም እንዳትረሺያት።" ደንበኞቿ አልቀሩም። ስለ ልጇ መጠየቅ ብቻ ነው ያቆሙት። እሷም ስልኩን ማንሳት አቆመች። ምን ታድርገው?

ያቺን ደቂቃዋን ነው የወሰድኩባት። ውሸት ትሁን፣ የእሷ ነበረች።

ታኅሣሥ 16

ደወለ።

ሳሎኑ ሙሉ ነው። ካስኩ ጠፍቷል። ስልኩ መደርደሪያው ላይ ጠራ፣ እኔ ቅርብ ነበርኩ፣ ስሙን አየሁት። ልጇ ነው! ሴቶቹ ግን ቀና እንኳ አላሉም። አዝነውላት፣ እንዳያሳፍሯት ብለው ወለል ወለሉን ያያሉ። እትዬ ስልኩን አየችው። እነሱን አየቻቸው።

"እትዬ አንሺው እንጂ! እሱ ነው!"

"ማን ያምነኛል?" አለች። ቀስ ብላ።

ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ሴቶቹ ሲወጡ መልሳ ደወለች። ዝግ ነው። ደግማ ሞከረች። ዝግ ነው። ምን ሊላት ነበር? ታሪኩን ሰምቶት ይሆን? ወይስ ናፍቃው ብቻ? እንዴት አድርጌ ነው የማውቀው አሁን?

ለወንፊት ሁሉንም ጻፍኩለት። ከእሱ ሌላ ለማን እነግራለሁ? "በጣም አዝናለሁ" አለ። ከዚያ፦ "ታሪኩ ግን እዚህ ነበር ማለቅ ያለበት።"

ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። ይሄም ሰው ነው? እህቴን እያልኩት!

ልክ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

ታኅሣሥ 17

ነርሷ "ጠፋሽ፣ ምነው?" ብላ ጽፋልኛለች። ባለድምጿ አዲስ ነገር ካለኝ ጠይቃለች። አልመለስኩላቸውም።

የትናንቱን መልሼ አነበብኩት። "ቀስ ብላ" የምትለዋን ሰረዝኳት። መለስኳት። "ደወለ" የምትለዋን ብቻዋን መስመር ላይ ያቆምኳት ሆን ብዬ ነው። ማንም በማያነበው ደብተር ላይ! እህቴ እንዲህ ሆና እንኳ መስመር እመርጣለሁ። ምን ሆኛለሁ?

እትዬ ጓዳ ሆና ሰምታኛለች መሰለኝ፣ እስክሪብቶው ሲጭር። በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ስላቅ የለም በድምፅዋ። ሰሞኑን ከለመድኩት ሁሉ የተለየ ድምፅ።

"ምንድነው የምትጽፊው?"

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ።

ደብተሩን ከደንኩት። "ምንም" አልኳት።