ለሐኪሙ ጾም ቅበላ

ሰኞ፣ ጥቅምት 20

ሐኪሙ የሐሞት ጠጠሬን በቀዶ ጥገና ከማውጣቱ በፊት አሥር ኪሎ ይቀንሱ አለኝ። ከነገ ጀምሮ ጣፋጭና ቅባት የለም። ጎረቤቴ ብርቄ ስትሰማ ሳቀች።

«እቴ፣ በዋግ አገር ክሺ ተብላ የታዘዘች አንቺን አየሁ! ሁዳዴስ ቅበላ አለው አይደል? ዛሬ ጠግበሽ ብዪ» አለችኝ።

በረሃቡ ዘመን አጥንቴ ሲቆጠር ዞር ብሎ ያየኝ ሐኪም አልነበረም።

ልጄ ከጅዳ ስትመለስ እንድትበላው ያስቀመጥኩትን የማር ማሰሮ አወረድኩ። ስድስት ዓመት ጠበቃት። እሷ ስትደውል መምጣቷን ማንሳት ትታለች። ማንኪያ ይዤ ቆምኩ። ከቀዶ ጥገናው አልጋ ካልተነሳሁ ማሩ የለቀስተኛ ነው። ከበላሁት ደግሞ አትመጣም ብዬ በገዛ እጄ መፈረሜ ነው። በስተርጅና ፊደል ቆጥሬ መፈረም የተማርኩት ለዚህ አልነበረም።

የማሰሮውን አፍ መልሼ አሰርኩት። ራቴንም አልበላሁም። ጾሙን ዛሬውኑ ጀመርኩ።