የአማቼ ወይን በገብስ ጎታ ውስጥ

መጋቢት 11 ቀን 1975፣ ዳባት

እሑድ። ልብስ አጠብኩ፣ የአምስተኛ ክፍል ፈተና አረምኩ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቼ ከመሪጌታ ክንዴ ቤት ተመለሱ። ልጃቸውን ይርገዱን ሊጠይቁልኝ ሄደው ነበር፣ ከጎንደር በስንት ልመና ያመጣሁትን የወይን ጠጅ ይዘው። ይዘውት መጡ! አለቀልኝ፣ ከለከሉኝ!

"አልከለከሉም፣ ተረጋጋ" አሉኝ ጋሽ ደምለው። "'በሁዳዴ ወይን አልቀምስም። ለዳግማይ ትንሣኤ ራሱ ያምጣው፤ ሳይጎድል፣ ሳይበላሽ። አንድ ጠርሙስ መጠበቅ ያቃተው ልጄን እንዴት አድርጎ ይጠብቃል?' ነው ያሉት።"

በጉልምስናቸው አስመራ ቀምሰዋል አሉ፤ ጣዕሙን ያውቁታል። ወይ ጣጣዬ!

መጋቢት 12

የሸጠልኝ ሰውዬ ጣሊያን ቤት ሲሠራ ያረጀ ነው። "አጋድመው፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። ሙቀትና ብርሃን አታሳየው" ብሎኛል። አልጋ ሥር አጋደምኩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ... ምድጃ ዳር ቆሟል! አከራዬ እማማ ታንጉት ናቸው። ጠጅ ሙቀት ካላገኘ አይበስልማ፣ እንደሳቸው።

"ኧረ እማማ፣ ይሄ የበሰለ ነው! ተጋድሞ ነው የሚያድር።"

"ተጋድሞ የሚያድርማ ሰካራም ነው" አሉኝ።

መጋቢት 15

እንደገና አቁመውታል። "አሳዘነኝ" አሉ። ምን ይባላል?

መጋቢት 20

እማማን አስፈቅጄ ገብስ ጎታቸው ውስጥ ቀበርኩት። ቀዝቃዛ፣ ጨለማ... የዳባት ብርድ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ይርገዱን የምትሠራበት ክሊኒክ በር ላይ አገኘኋት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "ጠርሙሱ እንዴት አደረ?" ብላ ሳቀች። ሰሞኑን ሁሌ እንዲሁ ነች። ስለኔ ማን ይጠይቅ?

ሚያዝያ 4

ጉድ! በጠዋቱ የመሣሪያ ፍተሻ መጣ። የአብዮት ጥበቃው ይግዛው ጎታው ውስጥ ዘንግ ሰደደ። ቃ!

"ምንድን ነው የቀበርከው? አውጣ!"

ጠመንጃ መስሎታል። ከገብሱ ጎትቼ አወጣሁት። አልተሰበረም፣ ተመስገን። ይግዛው አገላበጠው፣ ምራቁን ዋጠ። "ልክፈትልህ?" አልኩት፣ ምላሴ ይቆረጥና! ይሉኝታ መቼም... ዙሪያውን አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ቅዳሴ ሳይወጣ?"

ቅዳሜ ዕለት በውይይት ክበብ "ጾም ኋላ ቀርነት ነው" እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ያስተማረን ሰው! ሳቄን አፍኜ ሸኘሁት።

ሚያዝያ 30

ፋሲካ። ዶሮ በላሁ፣ ጠላ ጠጣሁ። ወይኑን ዳሰስኩት ብቻ።

ግንቦት 7

ዛሬ ወሰድኩላቸው። መሪጌታ ቡሹን በቢላ ጫፍ ቆፍረው አወጡ። ባረኩና ጎንጨት አሉ። ፊታቸው ጭምድድ! ጋሽ ደምለው መሬት መሬት አዩ። ኮምጥጧል ማለት ነው... ይርገዱ ቀረችብኝ ማለት ነው...

"ልክ ነው" አሉ በመጨረሻ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጠርገው። "አስመራ የቀመስኩት ይኸው ነው። ያኔም አልወደድኩትም። በሉ ጠጅ ቅዱ!"

ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ሠርጉ ለግንቦት 28 ተቆረጠ። እልል!

ግንቦት 8

ባዶውን ጠርሙስ ለእማማ ታንጉት ሰጥቻቸው ነበር። ላምባ ሞሉና በጨርቅ ወትፈው አጋደሙታ! ወለሉ ራሰ። "አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?" ብለው ተቆጡኝ።

ላምባ ላምባ እየሸተትኩ ወደ ሥራ ስሄድ ክሊኒኩ በር ላይ ይርገዱ ቆማለች። የጠርሙሱን ነገር ልታነሳ ነው ብዬ ስጠብቅ...

"አንተ እንዴት አደርክ?"

"ደህና" አልኩ።