ቅጹ ላይ ያልሞላሁት ቃል

ውድ ጋሼ፣

ሁለት ጊዜ አንኳኩቼ አልከፈቱልኝም። ቤት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሬዲዮውን ሲቀንሱት ሰምቻለሁ። ስለዚህ ዘጠነኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ቦርሳዬን ጠረጴዛ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ። ወረቀት ሳያነቡ ስለማይጥሉ በበርዎ ስር አስገባዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንዎ፦ ሊፍቱን አይንኩ።

ኩባንያችን አዲስ ነገር ሲያጥረው ወደ ውጭ ያማትራል። የዩኒቨርሲቲ ጥናት ይገዛል፣ የደንበኛ ቅሬታ ይሰበስባል፣ ጡረታ የወጣ ባለሙያ ያስጠራል። የእኔ ሥራ ይህን ሁሉ ለቅሞ ቅጽ ላይ መሙላት ነው። ሊፍትን በድምፁ የሚመረምር መሣሪያ ሊሠሩ ሲነሱ፣ «ሠላሳ ዓመት ሊፍት የጠገነ ወንድም አለኝ» ብዬ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እርስዎ፣ በኢንጂነሮች መሃል ተቀምጠው ሲያስተምሩ ለማየት ጓጉቼ ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ያለዎትን ሁሉ ሰጡን። በሦስተኛው ቀን ስለ ፍሬኑ ጠየቅንዎ።

«ጤነኛ ፍሬን ሲይዝ ቅጭ ይላል» አሉ። «ቅጭታው ከጠፋ አኩርፏል። ያኮረፈ ሊፍት ውስጥ እንዳትገቡ።»

ኢንጂነሮቹ ሳቁ። አንዱማ «ይቅርታ እንጠይቀዋ!» አለ። እርስዎም አብረው ሳቁ። እኔ ግን በቃልዎ አፈርኩ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ቅጹ ላይ ያሉት ምርጫዎች ሦስት ነበሩ፦ የተረጋጋ፣ የሚረብሽ፣ አደገኛ። አለቃዬ «ኩርፊያ የሚል ሳጥን የለንም፣ ቶሎ በይ» አለኝ። ድምፅ ከሌለ ሰላም ነው ብዬ «የተረጋጋ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ወረቀት ሳያነቡ የማይፈርሙት እርስዎ፣ «አንቺ ከሞላሽው ምን አነባለሁ» ብለው ፈረሙልኝ።

መሣሪያው ተመረቀ። በምርቃቱ ቀን ስምዎ ዝርዝሩ ላይ የለም ተብለው ከበር ሲመለሱ በመስኮት አይቻለሁ። አልወረድኩም። አለቆቼ አጠገቤ ነበሩ። እርስዎም ቀና ብለው አይተውኛል። ይኸው አራት ወር ስልኬን አያነሱም፤ እኔ ሞኟ ዝምታዎን «በርዶላቸዋል» ብዬ ተረጎምኩት።

ባለፈው ሳምንት አንድ መጋዘን ውስጥ ሊፍት ሦስት ፎቅ ተምዘግዝጎ ወደቀ። ደግነቱ ዕቃ ብቻ ነበር የጫነው። መሣሪያው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አረንጓዴ ያበራ ነበር። ቅጹን ከማህደር አውጥቼ ሳየው፣ ለፍሬኑ ዝምታ «የተረጋጋ» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ለአለቃዬ ስነግረው ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ምንጩ ፈርሟል» አለኝ። «ስህተት ካለ የምንጩ ነው። አንቺ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ።»

ምንጩ ማለት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።

መሣሪያው ከተገጠመባቸው አርባ ሕንፃዎች አንዱ ይህ እርስዎ የሚኖሩበት ነው። ዛሬ ጠዋት ስመጣ ሊፍቱ በር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። ቅጭ አላለም። ጥበቃውን «ዝጋው» ስለው የመሣሪያውን መብራት አሳየኝ። «አረንጓዴ እኮ ነው፣ እህቴ! ሊፍት የሚያውቁት ጋሼ ራሳቸው ወርደው ዝጋ ካላሉኝ አልዘጋም» አለኝ።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጽፌና ፈርሜ፣ ለኩባንያውም ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤትም ሰጥቻለሁ። እነሱ አንብበው እስኪነሱ ግን እዚህ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። ጉልበትዎ እንደሚያምዎ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በደረጃው ይውረዱ። ደግፌ ባወርድዎ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ታች በሩ ላይ ቆሜ ሰው መመለስ አለብኝ። ይቅር ባይሉኝም ግድ የለም፤ ብቻ ይውረዱ።

አሁን፣ ይህን ስጽፍ፣ ሊፍቱ እዚህ ፎቅ ላይ ቆመ። ጎረቤትዎ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣችና ሰላም አለችኝ። ሲቆም ጆሮዬን ጣል አድርጌ ነበር፤ ቅጭታ የለም። ከታች ሌላ ሰው ጠራው መሰለኝ፣ ባዶውን ወረደ። ልሩጥ።

ታናሽ እህትዎ