ሳይነገርሽ የቆየው

ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኪ ነስሪንዬ፣ አንጀቴ፤

ይህን ደብዳቤ ሹፌሩ ኢታና ጁባ ድረስ ይዞልሽ የመጣው በእኔ ልመና ነው። ለአንቺ ሳይሆን ለጎረቤትሽ ለሲቲ እንዲሰጣት ጽፌ አደራ ብዬዋለሁ። ሕፃኑን አቅፈሽ ከሆነ ለሲቲ አቀብያትና ተቀመጪ።

ሁለት ወር ሙሉ ስልክሽን ስለማላነሳ እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ። ወንድምሽ በከር «ጉንፋን ይዟት ነው» ያለሽ ውሸት ነው። ድምፄ ተዘግቷል። በሹክሹክታ እንኳ አይወጣም። ሱቅ ስሄድ የምፈልገውን በጣቴ እጠቁማለሁ። ምግቡም ጉሮሮዬ ላይ እንደ ጠጠር ይቆማል፤ የዒድ ቀሚሴ ከትከሻዬ እየወረደ አስቸግሮኛል። ጎረቤቱ ዓይን ነው አለ። ቁርኣን ተቀራልኝ፣ ዝንጅብል በማር ጠጣሁ፤ ለውጥ የለም።

በመጨረሻ በከር ሆስፒታል ወሰደኝ። አንዲት ልጅ እግር ሐኪም በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብታ አየችኝ።

«እማማ፣ ጉሮሮዎ ደህና ነው። ዕጢም ቁስልም የለም» አለችኝ። ቀጥላ «ድምፅዎ ከመዘጋቱ በፊት ምን ገጥሞዎት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

በከር ቶሎ ብሎ «ምንም» አላት። እሷ ግን እሱን ትታ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። የሆነውን ሁሉ ጻፍኩላት። አንብባ ስትጨርስ፣ «ሐዘንና ጭንቀት ሲታፈን ድምፅ ሊዘጋ ይችላል። እያስመሰሉ አይደለም፤ የእውነት ሕመም ነው። መጀመሪያ ግን ለልጅዎ ይንገሯት» አለችኝ።

ነስሪንዬ፣ አባትሽ ሞቷል።

ሰኔ 21 ቀን፣ አብነት ሰፈር ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ የሚኒባስ ጎማ ሲፈታ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። ሐኪም ቤት አልደረሰም። የዚያኑ ቀን ኮልፌ ቀበርነው። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

አንቺ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሽ፤ ደም ግፊትሽም ከፍ ብሎ ነበር። ዘመድ ሁሉ «ብትሰማ ደንግጣ ፅንሱ ይወርድባታል» አለ። ጀናዛው ገና ከቤት ሳይወጣ ደወልሽ። ለቅሶዬ እንዳይሰማሽ በከር አፌን በመዳፉ ያዘኝ። ሲለቀኝ «አባትሽ መስጊድ ሄዷል» አልኩሽ። እሱ እኮ አጠገቤ ተከፍኖ ነበር።

ከወለድሽ በኋላ ደግሞ «ወተቷ ይደርቃል፤ አርባዋ ይውጣ» ተባለ። አንዴ ስልኩ ተሰረቀ፣ አንዴ አገር ቤት ወረደ እያልኩ አቆየሁሽ። መስከረም ላይ «ሰባተኛው ቀን አለፈ እኮ እማዬ፤ የልጄን ስም አባቴ ያውጣለት፣ ከራሱ አፍ ልስማው፣ አሁኑኑ አገናኚኝ» አልሽኝ። ልመልስልሽ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። አንቺ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስትዪ ቆይተሽ ዘጋሽው።

ይቅር በይኝ ልጄ። ለአንቺ ብለን ነው እንላለን፤ ግን አባትሽን ቀብረን ለቅሶውን ከለከልንሽ። በከርን አትጥይው። እሱም ከዚያ ወዲህ በጨጓራው እየተቃጠለ ነው፤ ከእኔ ደብቆ ኪኒን ይውጣል።

ስነግርሽ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ይህንን ጽፌ ስምሽን ልጠራ ሞከርኩ፤ ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣው። ስለ እኔ ብለሽ አራስ ገላሽን ይዘሽ መንገድ እንዳትጀምሪ። እኔ ደህና ነኝ፤ ትናንት ግማሽ ሲኒ ሾርባ ጠጥቻለሁ።

አላህ አባትሽን በጀነት ያኑረው። ለአንቺ ሶብሩን ይስጥሽ፤ ልጅሽን በእጅሽ ያሳድግልሽ።

ለሲቲም ለብቻዋ ጽፌላታለሁ፤ «ዝም በይ እንዳትያት» ብያታለሁ። እስኪበቃሽ አልቅሺ።

እናትሽ ፈሪዳ