ስለ አምባ ጽጌ ምንጭ ንጽሕና ለተቆጣጣሪያችን የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር አቶ ባምላኩ፣
የማዕድን ፍለጋ ደኅንነትና የአካባቢ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ቤትዎና ወንበርዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። የእኛን ጤና የጠየቁ እንደሆነ ግን፣ የምንጫችን ውኃ የምርመራ ውጤት ያለው በእርስዎ እጅ ነውና፣ ደኅና መሆን አለመሆናችንን ከእኛ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁት መልሱን ለእርስዎ ትተነዋል።

ይህን የምጽፍልዎ እኔ በአምባ ጽጌ ሚካኤል ቅኔ የማስተምረው መሪጌታ ገብረሰንበት ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በየጊዜው ያስገባናቸው ማመልከቻዎች ከጽሕፈት ቤትዎ በር አልፈው የት እንደሚደርሱ ማወቅ ስላልቻልን፣ ይህኛው መንገድ ላይ ቢጠፋ እንኳ አንስቶ የሚያደርስልዎ ሰው እንዲበዛ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቃልዎ እናመሰግናለን። ኩባንያው ዩራኒየም የሚባለውን ማዕድን ሊፈልግ መሰርሰሪያውን ጭኖ ከምንጫችን በላይ ካለው ጉብታ ሥር ሲደርስ ሕዝቡ መንገድ ዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር መጥተው፣ ኮፍያዎን አውልቀው፣ «እኔ የአምባ ጽጌ ልጅ ነኝ። ከመሬት ሆድ የሚወጣው ጭቃ አደጋ ሊኖረው እንደሚችል አውቃለሁ። ስለዚህ የጭቃው ጉድጓድ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍለታል፣ ዙሪያውን ይታጠራል፣ የእኔ ሰዎችም በየወሩ እየመጡ ያዩታል። እናቴ የምትጠጣው ይህንኑ ምንጭ ነው፤ በእናቴ እጨክናለሁ?» ብለው ጠየቁን። እኛም ከሴቶቹ መካከል የተቀመጡትን እናትዎን ወይዘሮ አስካለ ማርያምን አየን፣ መልሰን እርስዎን አየን፣ መንገዱንም ከፈትን። «ባምላኩ ያመነ አያፍርም» ሲባል የኖረ ሕዝብ ነውና ባምላኩን አመነ። ሰምና ወርቅ ሳስተምር የኖርኩት እኔም ብሆን፣ ወርቅ ያልኩት ሰም መሆኑን ያወቅሁት ከሁሉ ጋር ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉድጓዱ። ላስቲኩ ግማሹን እንደሸፈነ አለቀ። አጥሩ ገመድ ሆነ፣ ገመዱንም ፍየል በላው። ተቆጣጣሪዎችዎ መጥተው እንደነበር የሰማነው፣ ቡሬ ላይ ምሳቸውን በልተው ወደ መጡበት ሲመለሱ ካዩአቸው የባጃጅ ሾፌሮች ነው። ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጉድጓዱ ሞልቶ ገነፈለ፤ ግራጫው ጭቃ ቁልቁለቱን ተንሸራቶ ከምንጩ ዓይን ገባ። በማግሥቱ ጎረቤቴ ላቀው የሚያርስባቸው በሬዎች ውኃውን አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ። እንስሳት ናቸውና የጽሕፈት ቤትዎን መግለጫ መጠበቅ እንዳለባቸው አላወቁም።

እኛ ግን ጠበቅን፤ ባለሙያዎችዎ በጠርሙስ ቀድተው ወሰዱ፤ በሳምንቱም እርስዎ ራስዎ መጡ። «ተመርምሯል፤ ንጹሕ ነው፤ ያለ ሥጋት ጠጡ» አሉን። ውጤቱን በወረቀት እንድናየው ስንለምንዎ፣ ጉዳዩ የባለሙያ ነው፣ ብታዩትም አይገባችሁም አሉ። ላቀው ትሑት ሰው ነውና አልተከራከረዎትም፤ ከምንጩ በጣሳ ቀድቶ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ «እንግዲያስ ጌታው፣ እርስዎ ይቅመሱልን፤ እኛ እንከተላለን» አለዎት። እርስዎም እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ «ይቅርታ፣ ጾም ላይ ነኝ» አሉ። ቀኑ እርግጥ ረቡዕ ነበር። ነገር ግን በዓለ ሃምሳ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ባሕታዊው እንኳ ረቡዕና ዓርብን አይጾምም። ካህናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ በበኩሌ፣ ስለ እኛ ውኃ ንጽሕና ሲሉ ቤተ ክርስቲያን ያላዘዘችውን ጾም መጀመርዎን ሳይ ልቤ ተነካ። ይህ ሦስተኛው ምስጋናዬ ይሁን።

እንዲህም ሆኖ ሕዝቡ ጠጣ። የገዛ ልጃችን አይዋሸንም ብሎ ጠጣ። ከሁሉ አብልጣ የጠጣችው የመንደራችን ሴት እታለም ናት። ብዙ ዘመን ልጅ አጥታ ስትለምን ኖራ፣ ዘንድሮ ሚካኤል ሰምቷት ነፍሰ ጡር ሆናለችና ምንጩን እንደ ጠበልነቱ ማለዳ ማለዳ ሳትቀምስ እህል አትቀምስም ነበር። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የሚለው ተረት እሷ ዘንድ አልሠራም።

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደዋል። «ጾም ላይ ነኝ» ባሉን ማግሥት መኪና ልከው እናትዎን ዓይናቸውን ላሳክም ብለው ወደ ፍኖተ ሰላም ወሰዷቸው። መንደሩ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኛቸው። «የተባረከ ልጅ ማለት ይህ ነው» እያልን መረቅንዎ፤ ልጆቻችንንም እንደ ባምላኩ ሁኑ አልናቸው።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ታቦቱ ዑደቱን ፈጽሞ ወደ መንበሩ ከገባ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን እናትዎ ድንገት ከመካከላችን ቆሙ። በአውቶቡስ እስከ ቡሬ፣ ከዚያም በባጃጅና በእግራቸው ብቻቸውን መጥተው ኖሯል። ቄሱ፣ እናትዎ ስለት ሊያስገቡ ነው ብለው ሲጠብቁ፣ እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተናገሩ፦

«ልጆቼ፣ ይህን ውኃ አትጠጡ። ለዓይኔ መታጠቢያ አንድ ጀሪካን ጠበል ከሚካኤል አስመጣልኝ ስለው፣ ልጄ ደነገጠብኝ። ‹እምዬ፣ ከዚያ ውኃ አንዲት ጠብታ እንዳትነኪ፤ አንቺን ያወጣሁሽ ለዚሁ ነው› አለኝ። ሰዎቹስ? ስለው ዝም አለኝ። እኔ እናቱ ስለሆንኩ ተረፍኩ፤ እናንተ የማን እናት ስላልሆናችሁ ነው የምትጠጡት?»

በእናቴ እጨክናለሁ ወይ ብለው ጠይቀውን ነበር፤ እውነትም በእናትዎ አልጨከኑም።

ከሕዝቡ መካከል እታለም ሆዷን በእጇ ደግፋ መጣችና «እትዬ አስካለ፣ እኔስ? እኔ የጠጣሁትስ?» አለች። እናትዎ አቅፈዋት አለቀሱ፤ ቆመን የነበርንም አንገታችንን ደፋን። በኋላ እታለም ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ውኃው ውስጥ ምን እንደነበረ ካልታወቀ ምን ብለው እንደሚመረምሯት ቸግሯቸው፣ የውኃውን ውጤት ይዛ እንድትመጣ ነግረዋታል። ክቡር ሆይ፣ ይህች ሴት የምትጠይቅዎ ካሣ አይደለም፤ ምን እንደጠጣች ማወቅ ብቻ ነው። ወርዋ ገብቷል።

በዚያው ዕለት ምንጩን እኛው በእሾህ አጠርነው። አባቶቻችን የጠጡትን፣ የተጠመቅንበትን ውኃ በገዛ እጃችን መዝጋት ምን እንደሚመስል ለመግለጽ የተማርኩት ቅኔ ሁሉ አይበቃኝም። አሁን ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱት ከገደሉ ማዶ ካለው ወንዝ ነው፤ እናትዎም ወደ ፍኖተ ሰላም አልመለስም ብለው፣ እንስራቸውን አዝለው ከሴቶቹ ጋር ይወርዳሉ። የእኔ ተማሪዎች ልናግዝዎ ቢሏቸው፣ «የጠጣው ሰው ሁሉ እየወረደ፣ ያልጠጣሁት እኔ ልቀመጥ?» ብለው መለሷቸው።

አምስተኛ፣ እርስዎ ይህን በሰሙ ጊዜ ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ደውለው፣ «እናቴ አርጅታለች፤ መርሳት ጀምሯታል፤ የምትናገረውን አታውቅም፤ ቃሏን አትያዙ» ማለትዎ ተነግሮናል። ጭቃውን ችለን ነበር፤ ጾሙንም ስቀን አልፈነው ነበር። ይህን ግን የት እናስቀምጠው? አንዲት እናት ልጇ በሰው ነፍስ እንዳይጠየቅ ብላ እውነት ብትናገር፣ ያ ልጅ በአእምሮዋ ይመሰክርባት? የተቆጣጣሪ ሥራ አደጋ የሚፈጥረውን ነገር ከሕዝቡ ማራቅ መሆኑን እንሰማ ነበር፤ በእርስዎ ዘመን ግን አደገኛው ነገር እናትዎ ሆኑ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምንለምነው «ውኃ ከጥሩ፣ ነገር ከሥሩ» ነውና የምርመራውን ውጤት እንዲሰጡን፣ ጉድጓዱንም ክረምቱ ሳይገባደድ እንዲያስደፍኑልን ነው። ምላሹን ለመስጠት ከመጡ አስቀድመው ይላኩብን፤ ጾም ላይ ያልሆኑበትን ቀን መርጠን ከማዶው ወንዝ የተቀዳ ውኃ እናቀርብልዎታለን።

ስለ ቃልዎ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ጾምዎና ስለ ዝምታዎ ደግሜ እያመሰገንኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

በሥልጣንዎ ሥር ያለሁት፣ በጥበቃዎ ሥር ግን መሆኔን የተጠራጠርኩት፣
መሪጌታ ገብረሰንበት
ከአምባ ጽጌ፣ ቡሬ ዙሪያ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት እናትዎን ከወንዝ ሲመለሱ አግኝቻቸው፣ ለልጅዎ የሚሉት ቃል ካለ ልጨምርበት ብላቸው፣ እንስራቸውን አውርደው ጥቂት አሰቡና «ለየትኛው ልጄ?» አሉኝ። ከእርስዎ በቀር ልጅ እንዳልወለዱ አገሩ ሁሉ ያውቃል። መርሳት ጀምሯታል ያሉት እውነት ሳይሆን አይቀርም።