ከድልድዩ ማዶ ያለው ስሜ

ይድረስ ከድልድዩ ማዶ ላሉት እናቴ፤

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ መያዝ ጀምረዋል ብሎ ልጅዎ ነግሮኝ ነበር። የተሰበረው መነጽርስ ተሠራ? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው ሲያጫውተኝም እስቃለሁ። ደህና ማለት ይኼ ከሆነ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ለጎረቤት እንዳያስነብቡት። ልጅዎ ያንብብልዎት። ከእኔ ጋር መነጋገር ካቆመ ቆይቷል፤ ቢሆንም ለእርስዎ ሲል ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል ብዬ አምናለሁ። መሀል ላይ ዝም ካለብዎት አይቆጡት፤ ትንፋሽ ይውሰድ።

ነገሩን ያውቁታል፤ ከእኔ አፍ ግን አልሰሙትም። እኔና ልጅዎ በአንድ ከባድ መኪና ሲሚንቶ ስናመላልስ፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወንበር እንቀያየር ነበር። ከድልድዩ ወዲህ የእኔ ወገን ስለሆነ እኔ እነዳለሁ፤ ከድልድዩ ወዲያ የእናንተ ወገን ስለሆነ እሱ ይነዳል። የሚጠየቀው መሪ የያዘው ነው። ጎኑ ያለው አንገቱን ደፍቶ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል፤ እንቅልፍ በማስመሰል ደግሞ እኛን የሚያህል አልነበረም። እስከ ድልድዩ ጌታህ ነኝ እለዋለሁ። ከድልድዩ ወዲያ ግን ረዳቴ ነህ፣ ጎማ ትቀይራለህ ይለኛል። እንስቅ ነበር። በገዛ አገራችን መንገድ ግማሹን ባለቤት፣ ግማሹን እንግዳ ሆነን መሄዱን ለምደነው ነበር።

ያን ቀን የኬላው ገመድ ድልድዩ ላይ አልነበረም። ወዲህ ተሻግሮ፣ ወንበር ከምንቀያየርበት ከድልድዩ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት በፊት፣ ከመታጠፊያው ጀርባ ተወጥሮ ጠበቀን። መሪው በእኔ እጅ ነበር። ገመዱን የያዙት ደግሞ የእናንተ ወገን ልጆች ናቸው። አንዱ መሣሪያውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ መጣና በእናንተ ቋንቋ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። እኔ ቋንቋውን የተማርኩት ከልጅዎ ስድብና ከእርስዎ ምርቃት ነው፤ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ አይበቃም። ልጅዎ ቀደመኝ። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ከተማ አክስታችን ጋ ስላደገ አፉ ይያያዛል አለ። በልማድ መታወቂያ ላወጣ እጄን ኪሴ ስከት ሰውየው በእጁ ከለከለኝ።

«ወረቀት ይገዛል» አለ። «እናት ካላችሁ ደውሉላት።»

ስልኩን ተቀብሎ፣ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጎ ያዘው። ልጅዎ ከወንድሜ ጋር ኬላ ላይ ነን ብቻ አለዎት። ሌላ ነገር እንዲናገር አልተፈቀደለትም። ሰውየው ስንት ወንድ ልጅ እንዳለዎት ጠየቀ።

«ሁለት» አሉ።

ስማቸውን ሲጠይቅዎ መጀመሪያ የታናሹን፣ ከዚያ የታላቁን ተናገሩ። እስከዚያች ሰዓት የታላቁን ስም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቤታችሁ ውስጥ «እሱ» ነበር የሚባለው፤ የእርስዎም ጥቁር ልብስ ለእሱ እንደሆነ ከማወቅ በቀር ጠይቄ አላውቅም። ድምፅዎ አልተንቀጠቀጠም። ጭራሽ ሰውየውን፣ ትልቁን ልጄን ሹራቡን ይልበስ በልልኝ፣ ደረቱን ብርድ ይመታዋል አሉት። ሰውየው ሳቀና እናትህ ሹራብህን ልበስ ትልሃለች ብሎኝ ገመዱን አወረደው። እኔ ሹራብ አልነበረኝም። ልጅዎ የራሱን አውልቆ ሰጠኝ፤ በዚያ ፀሐይ ለብሼው ነዳሁ።

ከሞት እንደተረፈ ሰው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ወይ ማልቀስ ነበረብኝ። አንዱም አልመጣም። እስካሁንም አልመጣም። እግር ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ነው፤ የራሴ እንደሆነ አውቃለሁ እንጂ አይታወቀኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጅዎ ነው የነገረኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያናገረኝ ቀን። ለካ የገመዱ ሰው አክስት የእርስዎ ጎረቤት ናት። ቀረ የተባለው ልጃቸው አለ፣ ከወንድሙ ጋር መኪና ይነዳል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ አወራ። ሰው የምሥራች እያለ ቤትዎ ጎረፈ። ሐሰት ነው እንዳይሉ እኔ ገና በዚያው መንገድ እመላለሳለሁ፤ ዝም አሉ። ልጁ በሕይወት ያለ እናት ጥቁር ለብሳ አትዞርምና ጥቁርዎን አወለቁ። እስከዚህ ድረስ ለእኔ ብለው ነው። ከዚያ ግን የእሱን አልጋ አንሶላ ቀየሩ አለኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር፣ በዚያ ጉልበትዎ፣ ቀድመው ይነሣሉ። አንድ ቀን ወንድምህ መቼ ነው የሚመጣው ብለው ጠየቁት። የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ መጠየቅ ፈራ።

«ሬሳውን አላየችማ። አሁን የምታምነው ይመስለኛል» አለኝ። «አንተን እሷ አዳነችህ። እሷን ማን ያድናት?»

መልሴን አልጠበቀም። ሌላ መኪና ጠይቆ ተሰጠው።

እናቴ፣ መጀመሪያ ቤትዎ የመጣሁ ጊዜ የት እንዳደግሁ ጠይቀውኝ የሰፈሬን ስም ነገርኩዎት። የያዙትን የውኃ ጆግ አስቀመጡት። ወፍጮ ቤቱ አሁንም አለ ወይ አሉኝ። አለ፣ እንዴት አወቁት ስልዎት፣ ሲወራ ሰምቼ ነው ብለው ጆጉን መልሰው አነሡና እጄን አስታጠቡኝ። ከልጅዎ አስበልጠው ለእኔ አቀረቡልኝ። እኔ ሞኙ፣ ወፍጮ ቤታችን ለካ ይህን ያህል ዝነኛ ነው ብዬ ኮርቼ በላሁ።

አሁን ያንን ሥራ ትቼ ወደ ሰፈሬ ተመልሻለሁ። ለሕንፃ የሚሆን አሸዋ አመላልሳለሁ፤ ክፍያው ትንሽ ነው፣ ግን መንገዱ ድልድይ የለውም። ያ ጥያቄዎ ዘግይቶ ገብቶኝ ወፍጮ ቤቱ ሄጄ ነበር። ባለወፍጮው አርጅቷል። ልጅ ሳለሁ አፍንጫዬን ዱቄት እየቀባ ያስቀኝ የነበረ ሰው ነው። የሰጡኝን ስም ነገርኩት። ሞተሩን አጠፋው። ዓይኔን ሳያይ ወደ ጓሮ ወሰደኝና ግንቡ ሥር ያለውን ቦታ በአገጩ አሳይቶኝ ተመለሰ። ማን እንደገደለው አልጠየቅሁትም። የሰፈሬን ቤቶች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ጠዋት እንደምን አደርክ ይሉኛል፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ።

አረሙን ነቀልኩ። ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርኩበት። በትልቁ ድንጋይ ላይ፣ በመኪና ቀለም፣ ያን ቀን በስልክ ለገመዱ ሰው የነገሩትን ስም ጻፍኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው የጻፍኩት። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ቆመው ሲያዩ ቆዩ፤ በኋላ አንዷ ቀለሙ እስኪደርቅ ልጆቹን ከዚያ ከለከለች። ቦታው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል። ግንቡ ነፋሱን ይመልስለታል፤ ብርድ የለውም።

ሹራቡን አጥቤ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ፤ የታናሹ ነው። ለሚጠይቅዎ ሰው ትልቁ ልጄ መንገድ ላይ ቀረ ይበሉ፣ ውሸት አይደለም። እኔ ከእንግዲህ በዚያ ገመድ አላልፍም፤ ስለ እኔ ብለው የሚደብቁት ነገር የለም። አንሶላውን ያንሡት። በር ሲንኳኳ ወንድሜ ይክፈት፣ እርስዎ አይነሡ። ጥቁርዎን ይልበሱ፣ እናቴ።

ገመዱ የወረደ ቀን ይምጡ። ወንድሜ ከፈቀደ እሱ እስከ ድልድዩ ይንዳ፣ ከዚያ እኔ እቀበለዋለሁ፤ ካልፈቀደም እስከ መጨረሻው ይንዳ፣ እኔ ጎኑ ሳልተኛ እቀመጣለሁ።

ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ዓይንዎን ያብራልኝ። እኔን የሸሸገ አንደበትዎ ክፉ አይናገር፣ ክፉ አይስማ።

በስልክ የወለዱኝ ልጅዎ