የማሰቢያው ሦስት ወር

ሻርሎይስ፣ ሮተርዳም
ጥቅምት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

የእህቴ የልጅ ልጅ ሆይ፣

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ለአንቺ ልንገርሽ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ የወለድኩትን ወንድ ልጅ ደሴ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትቼው ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ብመለስ የለም፤ የምጠይቀውም ሰው አልነበረም። አሁን እንደምን አለሽ? እኔ የእናትሽ አክስት ውድነሽ፣ ደህና ነኝ።

እዚህ አገር ለዚህ ሕግ አለው። አባትሽ መርከበኛ ነበር፤ ሄዶ ቀረ። እናትሽ ተሻለች አንቺን ለማደጎ ስታስረክብ የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛዋ፣ «ሦስት ወር አስቢበት፤ ከተጸጸትሽ ትወስጃታለሽ» አለቻት። ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ደችኛን ከጋዜጣ ነው የለቀምኩት።

«እትዬ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ?»

«ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበው ይህችን አጡ?» ብላ ሳቀች።

ያን ጊዜ ስለ ልጄ ብነግራት ኖሮ ምናልባት ዛሬ አዝዬሽ ነበር። አፈርኩ። ሦስቱ ወር ባለፈው ሰኞ አለቀ።

እናትሽ ቭላርዲንገን በሚባል ከተማ ዓሣ ማሸጊያ ትሠራለች። ከሰኞ ወዲህ በወንዙ ዳር ብቻዋን መሄድ ስለ ወደደች፣ አውቶቡሱ ድረስ እሸኛታለሁ፤ ማታም እቀበላታለሁ። ትናንት የአንገት መስቀሏን «እርስዎ ጋ ይቀመጥ» ብላ ሰጠችኝ። ብቻዋን መተው ስለ ፈራሁ ዛሬ ሥራዬን ትቼ አብሬያት ዋልኩ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ደብዳቤውን ከፋይልሽ ጋር እናስቀምጣለን ብለውኛል። አማርኛ የሚያነብልሽ ሰው አይጥፋ። ከአሳዳጊዎችሽ ጋር ጤና ይስጥሽ። ሌላ ስም ቢያወጡልሽም፣ እነዚህን ገጾች የምትቀበዪው አንቺ ነሽ፣ ብዙወርቅ ተሻለች።